የጎን ስፌት

የሠፈሩ ሰው «ወስፌ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት ባይታወቅም፣ ያለ ምክንያት እንዳልወጣላት ምላሷን የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። ሥራዋ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። ደንበኛ መጥቶ «እባክሽ ቶሎ አድርሺልኝ» ሲላት ከማሽኑ ቀና ሳትል፣ «ቶሎ የተሰፋ ቶሎ ይተረተራል። ቆመህ መንዳት ከቻልክ ግን አሁኑኑ ውሰደው» ትለዋለች። ሰዉ ይስቃል፣ ይጠብቃል፣ ተመልሶም ይመጣል። እጇ ከምላሷ ይበልጣልና።

የምትሠራው ከአንድ ጋራዥ ጎን በተለጠፈች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በአንዱ ግድግዳ የቆዳ ጥቅሎች ቆመዋል፤ በሌላው ልብሳቸው የተገፈፈ ወንበሮች እንደ ተነጨ ዶሮ ተደርድረዋል። ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከማሽኑ አጠገብ የስፖንጅ ቁርጥራጭ አንጥፋ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ መሥራት ከተባለ። ስምንት ዓመቷ ነው። ከአንዱ ወንበር ወደ አንዱ ስትዘል ስለምትውል የጋራዡ ሰዎች «ፌንጣ» ብለው ሰይመዋታል።

ወስፌ ከባሏ ከተለያየች ጀምሮ ፌንጣን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት የወስፌ ታላቅ ወንድም ነበር። እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። እሱና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ብዙ ሞክረው፣ ብዙ ቦታ ሄደው፣ በመጨረሻ ነገሩን ማንሳት ትተዋል። ፌንጣን ግን ከአብራኩ እንደወጣች ነው የሚያያት።

ወንድሟ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ወስፌና ፌንጣም አብረውት ሄዱ። ሻጩ ያገለገሉ መኪናዎች ነጋዴ ነው፤ አንደበቱ ስለሚጣፍጥ «ሸንኮራው» ይባላል። አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ የሚሉት ዓይነት ሰው መሆኑን ያን ጊዜ የነገራቸው አልነበረም። አመድማ መኪና አሳያቸውና የኋላውን በር ከፍቶ የወንበሩን ጎን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ።

«ለልጅ ከሆነ ይቺን ነው የምሰጣችሁ» አለ። «እዚህ ጎን ውስጥ ኤርባግ አለ። ከጎን ሌላ መኪና ቢመታችሁ፣ የጨፈናችሁትን ዓይን ሳትገልጡ ተነፍቶ በልጅቷና በበሩ መሃል ይገባል። እኔም የራሴን ልጆች የማሳፍረው እንዲህ ባለው ነው።»

ከዚያ ወደ ፌንጣ ጎንበስ አለ። «አንቺ ግን በሩ ላይ ተደግፈሽ እንዳትተኚ። ኤርባግ ሲነፋ በኃይል ነው፤ የተደገፈ ልጅ ካገኘ እሱንም ይጎዳል። ቀበቶሽን አስረሽ፣ ቀጥ ብለሽ ትቀመጫለሽ። እሺ?»

«እሺ» አለች ፌንጣ። እሺ ያለችውን ነገር የምትረሳ ልጅ አልነበረችም።

የመኪናው ወንበሮች ከላይ ጥቁር ልብስ ለብሰው ነበር። ወስፌ ገና ስታየው አልወደደችውም። የወንበሩን ጎን ሳይቀር የሸፈነ፣ ኤርባጉን መውጫ የሚያሳጣ ልብስ ነው። «ይሄን አወልቅልሃለሁ» አለችው ወንድሟን፤ «በሚመጣው ሳምንት አምጣልኝ።» በሚመጣው ሳምንት ሥራ በዛ። ከዚያ ዝናብ ገባ። ከዚያ ማሽኑ ተበላሸ። የሰውን ወንበር ስትሰፋ የወንድሟ መኪና ዓመት ሞላው።

አደጋው የደረሰው እንደማንኛውም ቀን በነበረ አንድ ጠዋት ነው። ዳቦ የሚያከፋፍል መኪና መስቀለኛው መንገድ ላይ ሳይቆም ገብቶ የኋላውን የግራ በር መታው። ወንድሟን ጣቱን እንኳ አልነካውም። ፌንጣ ከጆሮዋ በላይ ያለው አጥንት ተሰነጠቀ።

ሃያ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ስትነሳ ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስትራመድ መሬቱ ይዞርባታል። ሐኪሙ መዞሩ ቀስ በቀስ ሊሻላት እንደሚችል፣ ጆሮው ግን እንደማይመለስ ለእናቷ ነገራት። ልጅቷ በግድግዳ ተደግፋ መሄድ ጀመረች። በግራዋ የሚያናግራትን ሰው ለመስማት አንገቷን እስከ ትከሻዋ ታዞራለች፤ የማያውቃት ሰው የተቆጣች ይመስለዋል። መዝለሉ ቀረ።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወስፌ ወንድሟን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ቀበቶዋን አላሰርክላትም።»

«አስሬላታለሁ» አለ። ድምፁ ልክ በሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሰው የተረጋጋ ነበር፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል። «በልጅ ወንበሯ ላይ፣ ቀበቶው በትከሻዋ አልፎ። በሩንም አልተደገፈችም። በመስታወቱ አይቻታለሁ።»

«ቀጥ ብላ የተቀመጠች ልጅ ጭንቅላቷ በር ጋ እንዴት ደረሰ?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም። ይሄን የሚያውቀው ልጅ ያለው ሰው ነው።»

ወንድሟ ኮቱን ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ ፌንጣን የሚጠይቃት እናቷ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ብቻ ሆነ።

ወስፌ የፌንጣን ቦርሳና የልጅ ወንበሯን ልታመጣ የተጋጩ መኪናዎች ወደሚቆሙበት ግቢ የሄደችው በሁለተኛው ወር ነው። አመድማዋ መኪና በግራ ጎኗ ገብታ፣ በሯ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቆማለች። ወስፌ በቀኝ በኩል ገብታ የልጅ ወንበሩን ስትፈታ፣ እጇ እንደ ልማዱ የኋላውን ወንበር የግራ ጎን ዳሰሰ። ጥቁሩ ልብስ በግጭቱ ተቀዶ ከሥሩ ያለው ስፌት ወጥቷል።

እጇ ቆመ።

ኤርባግ ያለበት ጎን የሚሰፋው ቀጭን ክር ተመርጦ ነው፤ ኤርባጉ ሲነፋ በጥሶት እንዲወጣ። ይሄኛው በወፍራም ናይሎን፣ ያውም በድርብ ተሰፍቷል። የሥራ ጫማ የሚሰፋበት ክር ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ የዞረ ቋጠሮ አለ።

ምላጭ ከቦርሳዋ አይለይም። ተረተረችውና ስፖንጁን ገልጣ እጇን ከተተች። ያወጣችው የጂንስ ሱሪ እግር ነበር፤ ከጉልበቱ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሯል። ሌላ ምንም የለም።

ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያ ልብስ እንዳለችው «በሚመጣው ሳምንት» ወልቆ ቢሆን ኖሮ ይሄን ስፌት ዕውር ሆና እንኳ በጣቷ ታውቀው ነበር። ዓመት ሙሉ። ራሷን ረገመች። እርግማኑ ግን ራሷ ላይ ብዙ አልቆየም፤ የሚሄድበትን ያውቅ ነበር። «እኔም የራሴን ልጆች የማሳፍረው እንዲህ ባለው ነው» ያለው ሰው ፊቱ ከነፈገግታው ድቅን አለባት።

የጋራዡን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዛ ተመለሰች። ቶሎ ስለሚቃጠል «ፊውዝ» ይሉታል። ፊውዝ ከወንበሩ ሥር ገብቶ የኤርባጉን የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፍ ጎትቶ አሳያት።

«ይቺን የስንዴ ፍሬ የምታክል ነገር አየሽ? ሬዚስተር ትባላለች። ኤርባጉን ሲያወጡት እሷን ያስሩበታል። መኪናው ኤርባጉ ያለ ይመስለዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት አይበራም። ይቺ መኪና ከዚህ በፊት ተጋጭታ ኤርባጓ ወጥቷል። አዲስ ከማስገባት ጨርቅ መጠቅጠቅ ይቀላል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

«ልጁን እዚያ ላይ የማያስቀምጥ ሰው» አለ ፊውዝ፤ ከዚያም ለጆሮ የሚከብድ ስድብ ጨመረበት።

በማግስቱ ጨርቁን፣ ክሩንና ያቺን ፍሬ ይዛ ትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄደች። መርማሪው ትሑት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«እህቴ፣ ጥፋተኛው የዳቦ መኪናው ሾፌር ነው። አምኗል፣ ተፈርዶበታል። መዝገቡ ተዘግቷል።»

«ይሄስ?»

«ይሄ ጨርቅ ነው። ሻጩ እንዳስገባው በምን አውቃለሁ? ወንድምሽ ዓመት ነድቶታል። ደግሞ ከወንበሩ ያወጣሽው ራስሽ ነሽ።» ትንሽ አመነታና ጨመረ፤ «አንቺም ሰፊ ነሽ።»

ወስፌ ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ «አንቺም ሰፊ ነሽ» የምትለዋን ቃል እንደ አጥንት ስታላምጥ ቆየች። ቂሙን የቋጠረችው እዚያ ነው። ሸንኮራው ሲታሰር ማየት ብቻውን አላጓጓትም። የሷ ልብ የአደጋው ቀን ጠዋት ስልክ ሲደወልላት እንዴት እንደወረደ፣ የእሱም እንደዚያው ሲወርድ በዓይኗ ማየት ፈለገች።

ቋጠሮውን ገና ስታየው አውቃዋለች። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ አዙሮ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷን ሥራ ያስተማሯት አዛውንት። ሰዉ ሁሉ «አለቃ» ይላቸዋል። ዓይናቸው ስለደከመ አሁን ቤታቸው ሆነው በእጅ ብቻ ይሰፋሉ።

«ወስፌ ነሽ?» አሉ ገና ስትገባ። «ምነው እርምጃሽ ከበደ?»

የተተረተረውን ቁራጭ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ተከትለው ቋጠሮው ላይ ደረሱ።

«የኔ ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት።

«ሲሰፉት ውስጡ ምን ነበር?»

«እኔ እንጃ። የተከፈተ ጎን ያመጡልኛል፣ እዘጋዋለሁ። ሸንኮራው ነው የሚልክልኝ። ጠንክሮ ይሰፋ ይላል።»

«አለቃ፣ የጣትዎን ነገር ለኔ አይንገሩኝ። በጨለማ ቆዳን ከፕላስቲክ የሚለዩ ሰው፣ ኤርባግ መኖር ያለበት ቦታ ጨርቅ ሲነካዎት አላወቁም?»

አለቃ ቁራጩን አጣጠፉት። መልሰው ዘረጉት።

«አንዴ ጠይቄው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «‹አለቃ፣ እርስዎ ስፌቱን ይያዙ› አለኝ። በዚህ ዕድሜ እኔ ጋ ሥራ ይዞ የሚመጣ ሌላ ማን አለ? ዝም አልኩ።»

«ፌንጣ ግራ ጆሮዋ አይሰማም።»

አዛውንቱ ቁራጩን ከመዳፋቸው አወረዱት። ወስፌ አላጽናናቻቸውም። መምህሯ ባይሆኑ ኖሮ ከዚያ የከፋ ነገር ይወጣት ነበር።

«ይቅርታ እንዲሉኝ አልመጣሁም» አለች። «ሁለት ነገር ነው የምፈልገው። ሸንኮራው ለራሱ መኪና ጥሩ ሰፊ ሲጠይቅዎት ወደኔ ይላኩት። ቀን ሲመጣ ደግሞ አሁን ያሉኝን ለሚጠይቅዎት ይድገሙት።»

«ምን ልታደርጊ ነው ልጄ?»

«ልሰፋ ነዋ። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ሸንኮራው ሦስት ሳምንት ቆይቶ መጣ። የሚስቱን ነጭ መኪና በሯ ላይ አቁሞ፣ እንደ ልማዱ እየሳቀ ገባ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ አላወቃትም።

«አለቃ ናቸው የላኩኝ፤ ከሳቸው እጅ የወጣሽ ነሽ አሉ» አለ። «ወንበሩ በሙሉ ቆዳ ይልበስልኝ። ለባለቤቴ ነው። ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ነው የሚቀመጡት፤ የኤርባጉን ጎን ታውቂበታለሽ አይደል?»

ወስፌ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በእጇ ለመያዝ ራሷን አላመነችም።

«ምኑን?»

«ክሩን ነዋ። ቀጭን መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ይታፈናል። የልጅ ነገር ነው፣ አደራ።»

«አደራውን ተቀብያለሁ» አለች።

ወንበሮቹ ሦስት ቀን እሷ ጋ ቆዩ። የመጀመሪያውን ቀን ቆዳውን ቆርጣ ከፊተኞቹ ጀመረች። በሁለተኛው ቀን የኋላውን ወንበር ወደ ማሽኑ አስጠጋች። ስፖንጁ መሃል ኤርባጉ በሥርዓት ታጥፎ፣ አዲስ እንደሆነ ተቀምጧል። ከመሳቢያዋ የናይሎኑን ጥቅል አወጣች። ይህን አስባ የገዛችው ነበር። በድርብ አድርጋ የግራውን ጎን ከላይ እስከ ታች ሰፋችው፤ ጫፉ ላይም ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ አዙራ ቋጠረች። የሚያምር ስፌት ነበር። አለቃ እንኳ ቢዳስሱት የኔ ነው ይሉ ነበር።

ወደ ኋላ ደገፍ ብላ አየችው። አንድ ቀን ስልክ ሲደወልለት፣ ሸንኮራው በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሲንቆራጠጥ አሰበች። ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር። እንደ ልጅ እየላሰችው ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ነገር ገባት፤ ያን ጣዕም ለመቅመስ በየጠዋቱ ስትነሳ አንድ የዳቦ መኪና መመኘት ይኖርባታል። ለማታውቃት ሕፃን፣ በየቀኑ፣ እስኪደርስ ድረስ።

ምላጯን አነሳችና ተረተረችው። ለሸንኮራው አዝና አይደለም፤ ለእሱ ጠብታ ርኅራኄ አልነበራትም። ጎኑን እንደ ደንቡ በቀጭን ክር ሰፋችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ተጠንቅቃ የሰፋችው ስፌት የለም። የቀኙንም እንደዚያው። ቂሟን ግን አልተረተረችውም። ማታ ፌንጣን አስተኝታ ስታስብ ቆይታ፣ ጠዋት ፊውዝን አማከረችው። ፊውዝ እስከ መጨረሻው ሰምቷት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ከአንቺ ጋር አያጣላኝ» አለ።

ወንበሮቹን ራሳቸው ገጥመው ቅዳሜ ረፋድ ላይ መኪናውን ሸንኮራው መኪና ወደሚሸጥበት ግቢ አደረሱለት። ግቢው ገዢ በገዢ ነበር። አንዱ ጎማ ይረግጣል፣ አንዱ ሞተር ያስነሳል። የሸንኮራው ሚስት ሁለት ልጆቿን ይዛ ስትጠብቅ ነበር፤ ሰባት ዓመት የሚሆናት ሴትና ከሷ የሚያንስ ወንድ። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ቆዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና ወስፌን ከልቧ አመሰገነቻት። ልጆቹ ገብተው ተቀመጡ። እናታቸው ቀበቶአቸውን አሰረችላቸው፣ መሪው ጋ ተቀምጣም ሞተሩን አስነሳች።

ወስፌ ሸንኮራው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ዓምና አመድማ መኪና ሸጠህልን ነበር። አስታወስከኝ?»

«ብዙ ነው የምሸጠው እህቴ» አለ፤ ዓይኑ ገዢዎቹ ላይ ነበር።

«የኋላው የግራ ጎን ውስጥ የጂንስ ሱሪ እግር ነበረበት። ድርብ ናይሎን፣ ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ። ልጄ የተቀመጠችው እዚያ ነበር። በጎን ተመቱ።»

ሸንኮራው አሁን አያት። ፈገግታው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«የልጆችህን ወንበር የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች ወስፌ። «ሦስት ቀን እኔ ጋ ነበር። ይኸው፣ መንገድ ጀመሩ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ምን እንደሚደረግ የምታውቀው አንተ ነህ። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

አንዲት የውሸት ቃል አልወጣትም። መኪናው ወደ በሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ሸንኮራው ሮጠ። አንድ ጫማው ወልቆ መሃል ግቢ ቀረ። ከመኪናው ፊት ሄዶ ሁለት እጁን የሞተሩ ሽፋን ላይ አሳረፈ፤ ሚስቱ ደንግጣ አቆመች። የኋላውን በር ከፍቶ ልጆቹን ጎትቶ አወጣቸው። ከዚያ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ የግራውን ጎን ከላይ እስከ ታች ቀደደው።

«አበድክ እንዴ?» አለች ሚስቱ። «አዲስ ወንበር እኮ ነው።»

«ዘግታዋለች» አለ እያለከለከ፣ እጁን ስፖንጁ ውስጥ እየከተተ። «በናይሎን ዘግታዋለች። ብትመቱ አይወጣም። ውስጡ ጨርቅ ነው፣ መብራቱ አያሳይሽም፤ ሬዚስተር ካሰሩበት መብራቱ አያሳይም።» በሌላኛው በር ዞሮ ቀኙንም ቀደደ። ሰንጢው መዳፉን ቆርጦት ቆዳው ላይ ደም ይንጠባጠባል፤ እሱ አላየውም።

ገዢዎቹ ሁሉ ዙሪያውን ከበው ነበር። ሸንኮራው እጁ ኤርባጉን ሲነካ ቀስ አለ። ጎትቶ አየው። ምንም አልተነካም። የተበጠሰውን ክር ዓይኑ ድረስ አቅርቦ አየ፤ ቀጭን ነው። ኤርባጉን እንደያዘ የመኪናው በር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ልጅ የታቀፈ አንድ ገዢ ጠጋ አለ። «ወንድሜ» አለ በእርጋታ፣ «እንዲህ እንደሚደረግ አንተ እንዴት አወቅክ?»

ያን ጊዜ ፊውዝ ተንቀሳቀሰ። ይህ ገዢ ሲያያት ወደነበረው መኪና ሄዶ የኋላውን በር ከፈተ፣ የወንበሩን የላይ ልብስ ገለጠ። ወስፌ ምላጯን ለሰውየው አቀበለችው።

«አንተው ክፈተው» አለችው። «ነገ ሰፊ ነሽ እንዳይሉኝ።»

ሰውየው ልጁን ለሚስቱ ሰጥቶ ቀደደ። ከውስጡ የብርድ ልብስ ቁራጭ ወጣ። ሌላው ገዢ ሳይጠየቅ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ፤ እዚያ የሹራብ እጅጌ ተገኘ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ አንዱ ፖሊስ ይጠራል። የሸንኮራው ሚስት ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ እጇ ይዛ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። ከዚያ ባሏ ጋ መጣች።

«የኛ ልጆች ወንበር ውስጥ ያለውን ለማየት ጫማህን ጥለህ ሮጥክ» አለችው። «የሷን ልጅስ?»

ልጆቿን እንደያዘች በእግሯ ከግቢው ወጣች።

ወስፌ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሰው ቆማ አየችው። ፊቱ አመድ ለብሷል። ጣፈጣት። ከዚያ በኋላ የጠየቃትን ሰው ሁሉ ሳትደብቅ እንዲህ ነው ያለችው፤ ጣፈጠኝ።

የመጣው ያው እንቅልፍ ያጣ መርማሪ ነበር። ወስፌን ሲያይ አቀረቀረ። ግቢው ውስጥ ከነበሩት አሥራ አንድ መኪናዎች አምስቱ ጨርቅ ተገኘባቸው፤ የተሸጡትም እየተጠሩ ተመረመሩ። ፍርድ ቤት ላይ አለቃ ስፌቶቹን አንድ በአንድ ዳስሰው «የኔ ነው» እያሉ መሰከሩ፤ ኩራቱ አልነበረም። ከዳኛው ለእሳቸውም ተግሣጽና የገደብ ቅጣት አልቀረላቸውም። ሸንኮራው አምስት ዓመት ተፈረደበት።

በፍርዱ ማግስት ወስፌ ፌንጣን ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩን ራሱ ከፈተላት።

«ያን ቀን የተናገርኩህ ነገር» ጀመረች። ምላሷ፣ ያ ሁሉ ምላስ፣ ተሳሰረባት። «ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። ልብሱን ያላወለቅኩት እኔ ነኝ።»

«የተቀየምኩሽ ስለ አደጋው አይደለም» አለ ወንድሟ።

«አውቃለሁ።»

ፌንጣን ወደ ውስጥ አስገባትና በሩ ላይ ቆመ። «ከነገ ጀምሮ ጠዋት አደርሳታለሁ። በእግራችን ነው የምንሄደው። ከአንቺ ጋር ለመታረቅ ግን ጊዜ ስጪኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሒሳብ አይደለም» አለ፤ በሩን አልዘጋባትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት የሸንኮራው ሚስት ወስፌ ሥራ ቦታ መጣች። ሁለት ጫኞች የተቀደደውን የኋላ ወንበር ተሸክመው ከኋላዋ ገቡ፣ አስቀምጠው ወጡ። ሴትየዋ ከስታለች። አልተቀመጠችም።

«ልጆቼ መኪና ውስጥ አይገቡም» አለች። «ሴቷ አባቷ ወንበሯን በሰንጢ ሲቀድ አይታለች። ወንዱ ማታ ማታ አልጋውን ያሸናል። እሱ የሥራውን አግኝቷል፤ አልቆጭለትም። አንቺ ግን ልጆቼን አስይዘሽ ነው ቁማር የተጫወትሽው።»

ወስፌ የምትመልሰው አላጣችም። አሥር መልስ አፏ ላይ ነበር። አንዱንም አልተናገረችውም።

«አዎ» አለች።

«እሱ ባይሮጥስ ኖሮ? ብንሄድስ?»

«ምንም አትሆኑም ነበር። ስፌቱ ደህና ነበር።» ማሽኑን አጠፋችው። «ማወቅ ካለብሽ ግን ሁሉንም እወቂው። በሁለተኛው ቀን በናይሎን ዘግቼው ነበር። ከዚያ ተረተርኩት።»

ሴትየዋ አንድ እርምጃ ተጠጋቻት። ወስፌ በጥፊ የምትመታት መስሏት ነበር፤ ብትመታትም እጇን አትይዘውም ነበር። ሴትየዋ ግን ከግድግዳው ሥር አንድ በርጩማ ጎትታ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

«ስፊው» አለች። «እያየሁሽ።»

ወስፌ የተቀደደውን ቆዳ ገፍፋ አዲስ ቆረጠች። ክር በመርፌው ባሳለፈች ቁጥር ሴትየዋ መዳፏን ትዘረጋለች፤ ወስፌም ቆርጣ ትሰጣታለች። ሴትየዋ ክሩን በሁለት እጇ ይዛ ትጎትታለች፤ ሲበጠስ ታያለች፣ ከዚያ በአገጯ ቀጥዪ የሚል ምልክት ትሰጣታለች። ቀኑ እንዲህ አለፈ፤ ሁለቱም ምሳ አልበሉም። ሥራው ሲያልቅ ሴትየዋ ሁለቱን ጎኖች ዳግመኛ በጣቷ ዳሰሰች፣ ጫኞቹን ጠራች፣ ወንበሩን አስጭናም ሄደች። አላመሰገነችም። ወስፌም አልጠበቀችም።